የፈረስ መጋላ የአዮዲን ባለአክሲዮኖች

ስለ ገንዘብ አብዝቶ የሚያውቀው ገንዘብ የሌለው ሰው ነው። ባለገንዘቡማ ምን ጊዜ አለው? የሌለው ግን ሻይ ቤት ተቀምጦ የትኛው ዕቃ እንደሚወደድ፣ የትኛው ነጋዴ እንደሚወድቅ፣ ቡና በባሕር ማዶ ስንት እንደገባ ሲተነትን ይመሽበታል። በጃንሆይ ጊዜ ሐረር ፈረስ መጋላ ብትመጡ ኖሮ በዓይናችሁ ታዩት ነበር። እኔ አይቻለሁ። ምነው ማየት ብቻ በሆነልኝ!

ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ወኪል መጣ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ሲናገር እጁን እንደ ሰባኪ የሚያወናጭፍ ሰው ነው። የአዮዲንና የኬሚካል ኩባንያ ሊቋቋም ነው አለ። ከቀይ ባሕር አረም አዮዲን ይወጣል፤ ቁስል የሚያደርቀው፣ እንቅርት የሚያጠፋው መድኃኒት ከእንግዲህ ከውጭ አይመጣም፤ ሳሙናውም ቀለሙም ይከተላል፤ አክሲዮን የገዛ ሰው ተቀምጦ ይበላል። ተቀምጦ መብላት የሚለውን ሁሉም ሰማ። ከዚያ በፊት የተባለውን ልብ ያለ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ከአንድ ሰው በቀር፤ እሳቸውም አጎቴ በላቸው ናቸው። አጎቴ ዕድሜያቸውን በድሬሰርነት፣ ቁስል ሲያጥቡና ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ከተማው ግን ሐኪም በላቸው ይላቸዋል። ሐረር ውስጥ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ የእሳቸውን አዮዲን ያልቀመሰ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ወኪሉ ዞር ሲል ሰዉ ነገሩ እንዴት ነው ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነው። እሳቸውም፣ "አዮዲን ገበያ አያጣም፤ ሰው መቁሰሉን አይተውም" አሉ። በቃ! አዮዲን መቀባት የሚያውቅ ኩባንያም ያውቃል ተባለ። በዚህ ሒሳብ እንጀራ የሚበላ ሁሉ ገበሬ ነው።

አጎቴን ከሁሉ በላይ ያመኗቸው አው ዑመር ናቸው። አው ዑመር ፈረስ መጋላ ጨርቅ የሚሸጡ የጁገል ተወላጅ ናቸው። አጎቴ ከቤታቸው ከፈላና በር ወጥተው፣ ከሰዓት በኋላ ከአው ዑመር ሱቅ ደጃፍ ሳይቀመጡ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም፤ አንዱ ጫታቸውን ይዘው፣ አንዱ ሻያቸውን ይዘው። አው ዑመር ለሐጅ ያስቀመጡት ገንዘብ ነበራቸው። ለአንድ ሰው ይበቃል፤ ግን ባለቤታቸውን ትተው መሄድ አልሆነላቸውም።

"ሐኪም፣ ይሄ ነገር ለሁለት ያደርሰናል?" ብለው ጠየቁ።

"ያደርሳችኋል" አሉ አጎቴ። አው ዑመርም የሐጁን ገንዘብ በሙሉ አክሲዮን ገዙበት።

ሰው በአፉ ስንት ነገር ይናገራል፤ እግዚአብሔር ግን አንዳንዱን ቃል ብቻ ይመርጥና ያስከፍለዋል።

እኔም አስተማሪ ነበርኩና ከደመወዜ ቆንጥሬ አንዲት አክሲዮን ገዛሁ። ባለአንድ አክሲዮን እንዴት እንደሚራመድ አይታችኋል? ጫማው ቢቀደድም እንደ ከበርቴ ነው የሚረግጠው።

የአክሲዮን ገበያ የሚባል ነገር ሐረር አልነበረም። ዋጋውን የሚቆርጠው ሻይ ቤቱ ነው። ከድሬዳዋ የመጣ ሾፌር "ማሽኑን የጫነ መርከብ ምጽዋ ገብቷል" ካለ አክሲዮናችን ይወጣል። ሌላው "ሰጥሟል" ካለ ይወርዳል። መርከቡን ያየ የለም፤ እኛ ግን አንድ ጊዜ በደስታ፣ አንድ ጊዜ በሐዘን እንቅልፍ እናጣለን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያለው ሰው ይሄኔ እሱም ባለአክሲዮን ነበር።

ወራት አለፉ፤ ትርፍም ወሬም ጠፋ። መዋጮ አዋጥተን አጎቴን አዲስ አበባ ላክናቸው፤ እስከ ድሬዳዋ በመኪና፣ ከዚያ በባቡር። ያዩትን ለእኔ የነገሩኝ ብዙ ቆይተው ነው። ቢሮው ተዘግቷል። ፋብሪካው የት ነው ቢሉ ከከተማ ወጣ ያለ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አሳዩዋቸው። ውስጡ የዛጉ በርሜሎች ተጋድመዋል፤ ባዶውን ቦታ የዘበኛው ሚስት ጎመን ተክላበታለች። ዘበኛው አጎቴን ኮትና ከረባት አድርገው ሲያይ እጅ ነስቶ፣ "ጌታዬ፣ ደመወዜን ይዘውልኝ መጡ?" አላቸው።

አጎቴ ተመለሱ። መኪናው ፈረስ መጋላ ሲቆም መጀመሪያ የደረሱት አው ዑመር ናቸው። የአጎቴን ዓይን ዓይን አዩ። አጎቴ ስንቱን ቁስል ደፍረው ያጠቡ ሰው፣ ይሄኛውን መንካት አቃታቸው።

"ደህና ነው። ጥቂት ዘግይቷል እንጂ ደህና ነው" አሉ።

ከዚያስ ምን አደረጉ? አቦከር በኩል ከአባታቸው የወረሱት ቁራሽ ቦታ ነበራቸው፤ እሱን ሸጡ። ገንዘቡን ይዘው አው ዑመር ዘንድ ሄዱ።

"አክሲዮንህን ሽጥልኝ። በገዛህበት ዋጋ እወስደዋለሁ። አንተ ሐጅህን ሂድ" አሉ።

አስቡት እንግዲህ። ኩባንያውን በዓይኑ አይቶ የመጣ ሰው፣ የአባቱን ርስት ሸጦ አክሲዮን ልግዛ ሲል እናንተ ብትሆኑ ትሸጡ ነበር? አው ዑመር ፈገግ አሉ። ጺማቸውን ዳበሱ።

"አንተ ሐኪም! ነገሩ ይህን ያህል ያማረ ነው? ወላሂ አልሸጥም!"

ወሬው ሳይመሽ ጁገልን ዞረ። ሐኪም በላቸው ርስቱን ሸጦ አክሲዮን እየለቀመ ነው ተባለ። ዋጋው ወጣ፣ ወጣ፣ ሰማይ ነካ። ትናንት ሊሸጥ የለመነ ዛሬ ሊገዛ ይለምናል። አው ዑመርማ ለሱቃቸው ጨርቅ የሚያመጡበትን ገንዘብ አውጥተው ሌላ ጨመሩ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይሄ ነው፤ ያውም የእንቅርት መድኃኒት እንሠራለን ባለ ኩባንያ!

አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሻይ ቤቱ መሐል ቆመው እውነቱን ተናገሩ። ቢሮው መዘጋቱን፣ በርሜሎቹን፣ ጎመኑን፣ ዘበኛውን፣ ሁሉንም። ሰዉ አዳምጦ ሲያበቃ በሳቅ ፈነዳ። ዋጋውን ሊያወርድ ነው፤ አውርዶ በርካሽ ሊጠቀልለው ነው ተባለ። ጎመኗንማ እንዴት አድርጎ አሰባት ብለው አደነቋቸው።

አጎቴ ወደ አው ዑመር ዞሩ። "አንተስ? አንተም አታምነኝም?"

"ሐኪም፣ ቁስላችን ላይ አዮዲን ስትቀባ ምን ትለን ነበር?" አሉ አው ዑመር እየሳቁ። "አያቃጥልም አልነበር የምትለን?"

እኔስ አመንኳቸው? የሥጋ ዘመዴ ናቸው፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል፤ ለእኔ እንኳ በጆሮዬ እውነቱን ሹክ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። እውነቱን በአደባባይ ነግረውኝ ሳለ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ረጅም ነው፤ ምንም ስላልሆነ ነው የረዘመው። ኩባንያው ከሰርኩ አላለም፣ አለሁም አላለም። የአው ዑመር ሱቅ መደርደሪያው እየሳሳ ሄደ፤ በኋላ ጥቂት ነጠላና ክር ብቻ ቀረ። ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው ታመው አልጋ ያዙ። አጎቴ ከሱቁ ደጃፍ ወደ አልጋው አጠገብ ተዛወሩ። ከሰዓት በኋላ እየሄዱ ትራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ ውሃ ያጠጣሉ። ስለ አክሲዮን አንድ ቃል አይነሳም።

አንድ ቀን እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። አው ዑመር ወደ ጣሪያው እያዩ፣ "ሐኪም" አሉ፣ "ያን ጊዜ አክሲዮኑን ግዛኝ ብዬህ ነው ወይስ ልግዛህ ብለኸኝ?"

"እኔ ነኝ ልግዛህ ያልኩት።"

"ለኔ ብለህ ነበር፣ አይደል?"

አጎቴ የውሃውን ኩባያ ያዞሩ ጀመር። የአው ዑመር ባለቤት ከአልጋው ማዶ ሆነው ፊታቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ አው ዑመር። "እንኳን አልሸጥኩልህ። አንተም ባዶህን ትቀር ነበር። የሐጅ ኒያዬን ነይቻለሁ፤ ሐሳቤን አላህ ያውቀዋል።"

በዚያው ሰሞን አረፉ።

ጀናዛው ከጁገል ሲወጣ እስላሙም ክርስቲያኑም ተከተለ። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ከኋላ ይሄዳሉ፤ እኔ ክንዳቸውን ይዣለሁ። መቃብሩ ላይ አፈር መመለስ ሲጀመር አጎቴ አልቻሉም፤ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። በሥራ ዘመናቸው ያ ሁሉ ደም ሲፈስ ዓይናቸውን ያላሹ ሰው!

አጠገባችን የቆመ አንድ ነጋዴ፣ እሱም ባለአክሲዮን ነው፣ ኮፍያውን ይዞ አጎቴን ትክ ብሎ አያቸው። ፊቱ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለና፣

"ዋጋው ይህን ያህል ወርዷል እንዴ?" አለኝ።