ክቡር ዳኛና ሁለቱ የሣር ማጨጃዎች

በየቤተሰቡ አንድ ዳኛ አይጠፋም። ካባ የለው፣ ችሎት የለው፣ የሾመው ሰው የለ፤ ግን ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየ ሳያወዳድር አያልፍም። አወዳድሮም አይጨርስም። እናንተም ቤት አለ። ከሌለ ደግሞ፣ አትቀየሙኝና፣ እናንተው ናችሁ።

የዚህች የማወራላችሁ ሴትዮ ዳኛ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። የሰው ግቢ ሣር ያጭዳሉ፣ እሷም አብራቸው ታጭዳለች። ሠፈሩ "ክቡር ዳኛ" ይላቸዋል፣ እሷ "ወንድም ጋሼ"። ፔርሙዝ ለመግዛት ሁለት አስወርደው፣ ሁለቱንም የፈላ ውኃ አስሞልተው፣ የትኛው ቶሎ እንደሚቀዘቅዝ ለማየት ባለሱቁን እስኪመሽ ጎልተውታል። ጥርሳቸውን ያመማቸው ጊዜ ሐኪሟ "ይነቀል ወይስ ይሞላ?" ብትላቸው "ለውሳኔ ተቀጥሯል" ብለው ወጡ። ጥርሱ ታግሶ ታግሶ በገዛ ፈቃዱ ወለቀ። እህታቸው የምታገባውን ሰው ይዛ መጥታ ስታስተዋውቃቸው እንኳ ከላይ እስከ ታች አይተውት "ደህና ሰው ይመስላል፤ ሌላኛውስ የታል?" ነበር ያሉት።

ታዲያ አሮጌው ማጨጃ ሣር ውስጥ ከተደበቀ የቧንቧ ጫፍ ጋር ተላትሞ፣ ምላጩን ከላይ የሚሸፍነው የብረት ቆብ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ እህት "አለቀልን" አለች። ዋናው ሥራቸው የሆነው የሆስፒታል ግቢ ሣር ጉልበት ደርሷል። አስተዳዳሪዋም "ሰኞ ካልታጨደ ሌላ ሰው አስገባለሁ" ብላለች። ይህ ግቢ ከሄደ ቀሪው ሥራ ለአንድ ሰው እንጂ ለሁለት አይበቃም።

መደብሩ ውስጥ ሁለት ማጨጃ ቀረበላቸው። የአንዱ ቆብ ከአንድ ላሜራ በፕሬስ ማሽን ተመትቶ የወጣ ነው፤ ክብ፣ ለስላሳና ቀለል ያለ። የሌላው ከወፋፍራም ብረት ተቆራርጦ የተበየደ ነው፤ ማዕዘናም፣ ጠንካራና ከባድ። ክቡር ዳኛ በዕድሜያቸው ሳያወዳድሩ የወደዱት አንድ ነገር ቢኖር ብየዳ ነው፤ ስለዚህ እህት ፍርዱን ከወዲሁ አውቃዋለች።

"ይሄኛው ድንጋይ ቢገጥመው፣ ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋዩ ነው" አሉ የተበየደውን በጣታቸው አንኳኩተው። ቀጥለው የተመታውን አንኳኩ። "ይሄ ደግሞ ሳፋ ነው። ልብስ እጠቢበት።"

እህት የፈለገችው ሳፋውን ነበር። ትከሻዋን ካመማት ሰንብቷል፤ ማሽን መኪና ላይ በጫኑ ቁጥር ዓይኗ ይጨልማል። ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ወንድሟ ካወቁ "አርፈሽ ቤት ተቀመጪ" ማለታቸው አይቀርም፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ ለሷ ከትከሻው የባሰ ሕመም ነው። ስለዚህ ትከሻዋን ትታ በሣሩ ተከራከረች።

"ወንድም ጋሼ፣ ማዕዘን ያለው እኮ እርጥብ ሣር ይቋጥራል። ይሄ ክብ ነው፣ አየሩ ይዞርበታል፣ ሣሩን ይተፋዋል።"

"ቃልሽ ተመዝግቧል። ሲሰነጠቅስ?"

"እናስበይደዋለን።"

"ስስ ላሜራ ሲበየድ ይበሳል፣ እህት ዓለም።"

"ጋሼ፣ እባክዎ አንዱን ይውሰዱና ልዝጋ" አለ ባለመደብሩ።

"ለውሳኔ ተቀጥሯል" አሉ ክቡር ዳኛ።

በማግሥቱ ቅዳሜ ተመልሰው ሲሄዱ ባለመደብሩ ከሩቅ አይቷቸው መዝጊያውን ሊስብ ትንሽ ነበር የቀረው። ክቡር ዳኛ ክብደቱ ይፈተሽ አሉ። "ያዢ በዚያ በኩል።" የተበየደውን አነሱት። እህት ከንፈሯን ነከሰች።

"እንዴት ነው?"

"ምንም አይል" አለች፣ ላብ እየወረዳት።

እሳቸው ግን ብሎኑን ብቻ ነበር የሚያዩት። ቀጥሎ የተመታውን አነሱ፣ አስቀመጡ፣ አገጫቸውን አሻሹ።

"ለውሳኔ ተቀጥሯል።"

"ከነገ ወዲያ እኮ ሰኞ ነው!"

"ሰኞም ቀን ነው።"

እሑድን እህት እንዲሁ ስትብሰለሰል ዋለች። ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ስትደርስ ወንድሟ መኪናውን አቁመው ይጠብቃሉ። ከኋላ የተጫነው ሳፋው ነው።

"ማዕዘን የለውም፣ እርጥብ ሣር አይቋጥርም፣ አየሩ ይዞርበታል" አሉ፣ ራሳቸው እንዳገኙት ሁሉ።

"ይሄን እኮ እኔ ነኝ ያልኩት!"

"ጥሩ ምስክር ነበርሽ። ነይ እናውርደው።"

እሷ ሁልጊዜ በምትይዝበት ጎን፣ ደህናው እጇ በሚያርፍበት በኩል፣ ቅዳሜ ያልነበረ እጀታ ቆሟል። የብየዳው ጥቁረት ገና አልለቀቀም።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ብየዳ ያልነካው ማሽን አላምንም" አሉ ገመድ እየፈቱ። "እንዳይበሳ ከሥሩ ወፍራም ብረት አስደረብኩበት። በእሑድ ምድር ሱቁን ስላስከፈትኩት በያጁ ሲረግመኝ ነው የዋለው።"

እጀታውን ያዘች፣ አነሳች። ትከሻዋ ዝም አለ። ማሽኑን አብረው መሬት አወረዱት።

"እዚህ ግቢ ሁለት የአጥንት ሐኪሞች አሉ" አሉ ክቡር ዳኛ ምላጩን ጎንበስ ብለው እያዩ። "ባለፈው ወር ሁለቱንም ስለ አንድ ሰው ትከሻ አነጋግሬያለሁ። አንዱ 'ሥራ ታቁም' አለ። ሌላዋ ደግሞ 'ከባድ ካላነሳችና የማሳያትን እንቅስቃሴ ከሠራች ትቀጥል' አለች።"

እህት ፍርዱን ገመተች። አሁን "ለውሳኔ ተቀጥሯል" ሊሉ ነው፤ ይሄን ቃል ደግሞ ዛሬ አትችለውም።

"ከምሳ በኋላ ሴትዮዋ ሐኪም ትጠብቅሻለች" አሉ። "'ሥራ ታቁም' ያለውን ሰውዬ መዝገብ ያን ዕለት ነው የዘጋሁት።" ከዚያ የማሽኑን ማስነሻ ገመድ ሳቡና መልሷን ሳይሰሙ ሣሩ ውስጥ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ክቡር ዳኛን "ቶሎ ይበሉ" የሚል ሰው ከእህታቸው ጋር ይጣላል። ባለፈው ሳምንት ወንድሟ ሱቅ ውስጥ በግራና በቀኝ እጃቸው ሁለት የዝናብ ልብስ ይዘው ሲቆሙ፣ ሻጯ "ገላግይኝ" በሚል ዓይን አየቻት። እህት በርጩማ ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።