ባለ አንድ አልበሙ የጅራፍ ሮክ ባንድ

አንድ አልበም ብቻ ስላወጣ የሮክ ባንድ መጻፍ ይገባል? እኔም ተጠራጥሬ ነበር። ግን ባንዱ የደብረ ታቦር ነው፤ እንዴት ዝም ልበል? ሦስት የሠርግ ሙዚቀኞች ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ሮክ ጀመሩ፤ ድራም ስለሌላቸው ጅራፍ እያስጮሁ ቀዱ። የቡሄ ዕለት አንድ ዘፈን ቀራቸው።

«ከዛሬ በኋላ ጅራፍ ማስጮህ ነውር ነው» አሉ ጎረቤታቸው ጋሽ ደምሴ።

«ጋሼ፣ አልበማችን ጎደሎ ሊቀር ነው!» አለ ጊታሪስቱ።

«ታዲያ ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ? አምጣው ጅራፉን! የእናንተማ ዝንብም አያባርር!»

በመጨረሻው ዘፈን ጅራፉን ያስጮኹት ጋሽ ደምሴ ናቸው። እንዲህ ያለ ድራመር ዓለም አይቷል? ሁለተኛ አልበም ለምን አልወጣም ትሉኛላችሁ። ከዚህ በላይ ምን ሊጨምሩ? ባንዱ በኩራት የተበተነው በዚያው ዕለት ነው፤ ነሐሴ 13።