ሊቀ ሥዕላት ኪዳኑና የሰኔዋ እናት

ከሚያስከፍል ሰው ጋር እንዴት እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። ይከራከሩታል፣ ያስቀንሱታል፣ ሲከፋቸው ሌላ ቤት ይሄዳሉ። የሚያስቸግረው የማያስከፍለው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከየከተማው አይጠፋም፤ ያልጠሩት ድግስ ላይ ቀድሞ ይገኛል፣ ያላዘዙትን ይሠራል፣ "ስንት ነው?" ሲሉት ይቀየማል። አንዴ "እግዜር ይስጥልን" ከተባለ በኋላ ደግሞ ማን ደፍሮ "ይሄንንስ ለምን እንዲህ አደረግህ?" ይለዋል?

የሰቆጣው ኪዳኑ ይባላል። የሚኖረው በሞባይል ጥገና ነው፤ ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችው። ነፍሱ ያለችው ግን ካሜራው ውስጥ ነው። የቄስ ልጅ ነው፣ ድቁናም ጀምሮ ነበር። ከድቁናው የቀረው አንድ ጥቅስ ብቻ ነው እያሉ የሚያሙት አሉ፤ "በከንቱ የተቀበላችሁትን በከንቱ ስጡ!" ካሜራውን አንድ ዘመዱ በነፃ ሰጠው፣ እሱም በነፃ ያነሳል። ከተማውም ውለታ አይረሳምና ማዕረግ ሰጠው፦ ሊቀ ሥዕላት ኪዳኑ።

ሊቀ ሥዕላት ሠርግ ላይ ተገኝቷል ማለት በሙሽራውና በሙሽሪት መካከል ቆሟል ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀለበት ተጠልቆ ካለቀ በኋላ "ብርሃኑ አልገባም፣ እስቲ አውልቀህ ድገመው" ብሎ ሙሽራውን አስጨነቀው።

"አንተ ልጅ፣ ተክሊል ይደገማል እንዴ?" አሉ ቄሱ።

"አባ፣ ለታሪክ ነው!"

ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሾችን "ከፀሐዩ ዞር በሉልኝ" ያለበትን ቀን ዛሬም የሚያነሱበት አሉ። በሻደይ በዓል ልጃገረዶቹ ሲጨፍሩ ከላይ ላንሳ ብሎ ዛፍ ወጣ፤ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ መሀላቸው ወደቀ። እነሱ ምናቸው ሞኝ! ከበው ዘፈኑለትና እንደ ደንቡ ስጦታ ጠየቁት። አቧራውን እያራገፈ ያለውን ሰጣቸው፤ ፎቶ።

ጣጣው ሲሰጥ ነው፤ ያነሳውን ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። አንዷለም የሚባል ሙሽራ ፀጉሩን የተቆረጠው እቤቱ፣ በወንድሙ እጅ ነበር። ዛሬ ግን ፊቱ አንድ ፀጉር ቤት በር ላይ ተሰቅሎ "ደንበኞቻችን ይመሰክራሉ" ይላል። አንዷለም በዚያ ሲያልፍ ኮፍያ ያደርጋል እንጂ ኪዳኑን ምንም አላለውም። በነፃ አንስቶታላ!

ነገሩ ሳቅ መሆኑ የቀረው ጥሩሐረግ ላይ ሲደርስ ነው።

ጥሩሐረግ በቅርቡ የወለደች፣ ሰቆጣ የምትኖር የደሃና ልጅ ናት። ሠርጓን ያነሳው ኪዳኑ ነበር፤ በነፃ። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሰንበት በክፉ ዘመን ለጎረቤት የዘር ገብስ ያበደሩ፣ ለልመና እጃቸውን ዘርግተው የማያውቁ ሴት ናቸው። በልጃቸው ሠርግ ሲስቁ፣ ሲጨፍሩ ዋሉና መሸኛው ላይ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። ኪዳኑ ያንን አነሳ። ሲያዩት ልብ የሚነካ ፎቶ ነው፤ ይህን ማንም አይክደውም።

በዓመቱ አንድ ስሙን የማናነሳው የእርዳታ ድርጅት "ጥሩ ጥሩ ፎቶ" ብሎ ኪዳኑን ጠየቀው። ኪዳኑም ጥቅሱን ጠቅሶ ያለውን ሁሉ በፍላሽ ገልብጦ ሰጠ። ድርጅቱ ካላንደር አሳተመ፤ ካላንደሩ በየሱቁ ተሰቀለ። የሰኔዋ እናት ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ሆኑ።

እሳቸው ያዩት ሰቆጣ ገበያ ውለው ጨው ሊገዙ ሸምሱ ሱቅ ሲገቡ ነው።

"ሸምሱ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም?"

"እርስዎ ነዎት እማማ! ማሻ አላህ፣ እንዴት አምረዋል!"

"ከስሬ ምን ይላል?"

ሸምሱ ነጋዴ ነው፣ ያልተሸጠለትን ዕቃ ሁሉ ማወደስ ያውቃል። ያን ቀን ግን ምላሱ ውሸት እምቢ አለው። አነበበላቸው፦ "በረሃብ የሚያነባውን ዓይን በጋራ እናብስ።"

ወይዘሮ ወለተ ሰንበት የሚናደዱት በአገራቸው ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ነው። ያን ቀን ግን በኽምጣኛም በአማርኛም አልተናገሩም፤ ጨዉን ባንኮው ላይ ትተው ወጡ። ሸምሱም በማግስቱ፣ ሰኔ ገና ሳይጋመስ፣ ሐምሌን ገለጠው። ደንበኞቹ ቀን ተምታታባቸው፣ ጾሙ የተፈታ የመሰለውም አልጠፋ። እሱ ግን ሰኔን አልመለሰውም።

ከደሃና መልእክት መጣ። "ለልጅሽ ክርስትና እመጣለሁ። ያ ባለካሜራ ካለ ግን የለሁም። በፊቴ ለመነበት።"

ጥሩሐረግ ጨነቃት። አትምጣ ቢሉት ኪዳኑ ይቀራል? ሳይጠራ መምጣትን ማን ያህለዋል! ደግሞም የክርስትናውን ፎቶ ትፈልገዋለች። እሷ የአያቷን መልክ አታውቀውም፤ አፍንጫሽ የሷ ነው ይሏታል እንጂ አፍንጫውን አላየችውም። ልጇ እንዲህ እንድትሆን አልፈለገችም። ሕፃኗን አዝላ ኪዳኑ ሱቅ ሄደች።

"እታለም ጥሩሐረግ! ክርስትናው መቼ ነው? እኔ እንደሆን ዝግጁ ነኝ፤ በነፃ መሆኑን ታውቂያለሽ..."

"ለሱ ነው የመጣሁት። እንዋዋል።"

"ምን ያዋውለናል? ሳንቲም አልጠየቅሁሽ!"

"ብትጠይቅማ ይቀለኝ ነበር። የተከፈለው ሰው ይጠየቃል። አንተን ማን ይጠይቅህ? በነፃ እያነሳህ አፋችንን ዘጋኸው እኮ።"

ኪዳኑ መፍቻውን አስቀመጠ። ከጀርባው ካላንደሩ ተሰቅሏል፤ ሰኔ ላይ። እንደ ዲፕሎማ በፕላስቲክ ሸፍኖታል።

"ጽሑፉን አንብበኸዋል?" አለችው።

"አንብቤዋለሁ። ለደግ ነገር ነው እኮ፣ ስንቱ ይረዳበታል።"

"ይረዳበት፣ ደግ ነው። እናቴ ግን ያን ቀን በምን አለቀሰች? አንተም ነበርክ።"

"አንቺን ስትሸኝ ነዋ።"

"ከዚያ በፊትስ?"

ኪዳኑ ሳያስበው ሳቁ መጣ። "ከዚያ በፊትማ የሙሽራው አጎት ሲጨፍር መቀነቱ ተፈትቶ... ወይ ጉድ! እማማ ጎናቸውን ይዘው ነበር። ሳቁ ሳይበርድ ነው ለቅሶው የመጣባቸው።"

"አየህ፣ ይሄን የምታውቀው አንተ ነህ። ለወሰዱት ሰዎች ነገርካቸው?"

"አልጠየቁኝም።"

"አንተስ እሷን ጠየቅሃት?"

ኪዳኑ ወደ ካላንደሩ ዞረ።

"የልጄ ፎቶ ለኔ፣ ለአያቷና ለክርስትና እናቷ ነው" አለች ጥሩሐረግ፣ ሕፃኗን ከጀርባዋ እያስተካከለች። "ለሱቅህ የሚሆን ካማረህ መጀመሪያ አሳየኝ፣ እምቢ አልልህም። ለሌላ ግን፣ ፀጉር ቤትም ይሁን መሥሪያ ቤት፣ ባለፊቱን ሳትጠይቅ አትሰጥም። ከስሩ የሚጻፈውንም ታነብለታለህ። ማንበብ ለማይችል ሁለት ጊዜ።"

"እኔስ ምን አገኛለሁ?" አለ ኪዳኑ። ከአፉ እንደወጣ ራሱ ደነገጠ፤ በዕድሜው ብሎት የማያውቀው ቃል ነው።

"ምን ትፈልጋለህ?"

አጎንብሶ መፍቻውን ነካካ። "እነሱ ስሜን እንኳ አልጻፉም" አለ ቀስ ብሎ። "ኪዳኑ አነሳው ቢሉ ምን ነበረበት? ውሸት እንዳይመስልሽ፣ በየሱቁ እየገባሁ ፈልጌያለሁ።"

ጥሩሐረግ ለመቆጣት መጥታ አዘነችለት። "ስሟም የለ፣ ስምህም የለ" አለችው። "በል፣ ፎቶ ባሳየሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ። ይኸው ቃሌ።"

በባንኮው ላይ እጅ ለእጅ ተማቱ። "እናቴን ግን እኔ አልለምንልህም። መንገዱን ታውቀዋለህ።"

በዚያ ዝናብ፣ በዚያ ጭቃ፣ ሊቀ ሥዕላት ወደ ደሃና ወረደ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት ከደጅ ሆነው ሲመጣ አዩት፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ አንገቱ ባዶ።

"ካሜራህስ?"

"ሳልጠይቅዎ እንዳላነሳዎ ብዬ ትቼው መጣሁ።"

ከዚያ ወዲያ ያለው በኽምጣኛ ነው። የኪዳኑ ኽምጣኛ እምብዛም ነው፤ በየመሀሉ ጎንበስ እያለ "ይገባኛል" ይል ነበር። ሲበርድላቸው ጠየቀ፦ "ያንን ፎቶ ላጥፋው እማማ?"

አሰቡበት። "አታጥፋው። እንባውማ የኔ ነው፣ ምን አደረገ? ቃሉ ነው የሰው። እንደሆነው ጻፍበትና ስቀለው።"

ክርስትናው የሐዋርያት ጾም በተፈታ ሳምንት ሆነ። ወይዘሮ ወለተ ሰንበት መጡ። ኪዳኑም መጣ፤ እንዲህ ያለ ኪዳኑ ግን ሰቆጣ አይታ አታውቅም። "ለታሪክ ነው" ቀርቶ "ይፈቀዳል?" መጥቷል። ቄሱን "ይፈቀዳል?"፣ የክርስትና እናቷን "ይፈቀዳል?"፣ ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ "ይፈቀዳል?"። "ኧረ አንሳንና እንብላ!" አሉት። ሕፃኗ ላይ አጎንብሶ "እመቤቴ፣ ይፈቀዳል?" ሲላት ለቅሶዋን አቀለጠችው። "አልፈቀደችም" ብሎ እንቅልፍ እስኪወስዳት ጥግ ይዞ ተቀመጠ።

ይህን ያዩት አያት ሕፃኗን እንዳቀፉ በሳቅ ፈረሱ፤ እንደ ሠርጉ ቀን እንባቸው መጣ። ኪዳኑ ካሜራውን አነሳ፣ ቆመ።

"እማማ፣ ይፈቀዳል?"

"አንሳ እንጂ ልጄ!" እስኪሉት ሳቁ አለፈ። በፎቶው ላይ ያሉት ኮስተር ያሉ አያትና የተኛች የልጅ ልጅ ናቸው። ጥሩሐረግ ግን ፎቶውን ለእንግዳ ባሳየች ቁጥር ሁለት ነገር ትናገራለች፤ ያነሳው ኪዳኑ መሆኑን፣ ከዚህ የሚበልጥ ፎቶ ደግሞ በጨዋነቱ እንዳመለጠው። ያመለጠውን ስትነግር ድምፅዋ ይለሰልሳል።

ካላንደሩ ወርዷል፤ የሠርጉ ፎቶ አሁን በኪዳኑ ሱቅ መስታወት ላይ ወደ መንገድ ዞሮ ተለጥፏል። ከስሩ እንዲህ ይላል፦ "ወይዘሮ ወለተ ሰንበት፣ ከደሃና። ልጃቸውን በዳሩ ዕለት፣ ስቀው ስቀው ሲያለቅሱ። ያነሳው ኪዳኑ።"

ገበያ በወጡ ቁጥር እሳቸው እዚያ ይቆማሉ። የሚያልፈውን ተማሪ ይጠሩና እንደማያውቅ ሰው "ልጄ፣ ከስሩ ምን ይላል?" ይላሉ። ያነብላቸዋል። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀና ብለው ይሰሙታል።

"እስቲ ድገመው" ይላሉ። "ውላችን ሁለት ጊዜ ነው።"