አራተኛው ጆግ

ሰው ሹመት ሲያገኝ አብሮ የሚገለጥለት እውቀት አለ። ትናንት ጎመን ከቆስጣ መለየት ያቃተው ሰው፣ ወንበር ላይ በተቀመጠ በማግስቱ ስለ አፈርና ስለ ዘር ያስተምራችኋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች የእኛን መሥሪያ ቤት አላዩትም። እኛ ጋ መጀመሪያ ይጠመጠማል፤ መማሩ ከጡረታ በኋላ ይታሰብበታል። እኔም በመዝገብ ቤት ሠራተኛነቴ ስንቱን ጥምጣም በማኅተም አጅቤያለሁ።

ኃላፊያችን አንድ ቀን ለመስክ ሥራ ወደ ሐመሮች አገር፣ ወደ ዲመካ፣ ወረዱና የበረሃ ጽጌረዳ ቅርንጫፍ በመኪና ጭነው መጡ። አይታችሁት ከሆነ ግንዱ የጠገበ ሰው ሆድ ይመስላል፤ ድንጋይ ላይ በቅሎ፣ ቅጠሉን አራግፎ፣ በሮዝ አበባ ይንቀባረራል። ወተቱ መርዝ ስለሆነ ፍየል እንኳ አይደፍረውም። ኃላፊው ግን ደፈሩት። ከመንፈቅ በኋላ ከክልል እንግዶች ይመጣሉ፤ ያን ጊዜ በራችን ላይ አብቦ መገኘት አለበት ተባለ።

ሥራው ለአትክልተኛው ለዋሌ ተሰጠ። ዋሌ ሐመር ነው፤ አማርኛን ከዲመካ ገበያ ለቅሞ ተምሯል፣ ከዚህ ተክል ጋር ግን አብሮ አድጓል። ቅርንጫፉን ሳይተክል ጥላ ውስጥ ሳምንት አስተኛው፣ ቁስሉ እስኪደርቅ። ከዚያ የቀለም ጣሳ ታቹን በምስማር በሳስቶ፣ ጠጠርና አሸዋ ሞልቶ ተከለውና በራችን ደረጃ ላይ፣ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አስቀመጠው። ውሃ? ጠብ አላደረገለትም።

ኃላፊው ይህን ሲያዩ በገኑ።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታደርቅብኝ ነው? አንተስ ሳትጠጣ ትኖራለህ?»

«ኃላፊ፣ ይሄ ዛፍ ውሃ ብዙ ጠጣ፣ ሞተ» አለ ዋሌ፣ ቀስ ብሎ።

ማን ሰምቶት። በቀን ሦስት ጆግ እንዲጠጣ ታዘዘ፤ ለየጆጉ ዋሌ የሚፈርምበት ቅጽ እንዳዘጋጅ ደግሞ እኔ ታዘዝኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ካላበበ የዋሌ ኮንትራት አይታደስም። ሁለት ሴት ልጆቹን ጂንካ የሚያስተምረው በዚያችው ደመወዝ ነው። ቢያጠጣ አበባው ይሞታል፣ ባያጠጣ ትእዛዝ ጣሰ። ቅጹን ሳስረክበው ዝቅ ብዬ «ዋሌ፣ አንተ ፈርም እንጂ አታጠጣ» አልኩት። በአገልግሎት ዘመኔ የሰጠሁት ብቸኛ ጠቃሚ ምክር ይኸው ነው።

ዋሌም ፈረመ። በቀን ሦስቴ፣ ያለ አንዳች መጓደል። በሁለት ሳምንት አንዴ ትንሽ ጠብ ያደርግለታል፣ እሱን አይፈርምበትም። እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሳምንት ሲቀር አበባው ፈነዳ። ኃላፊው «አላልኩም? ውሃ ነው!» እያሉ በየቢሮው ዞሩ።

እዚህ ላይ ቢበቃቸው ምን ነበረበት። ግን አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል። ደስታው ስላልቻላቸው በየጠዋቱ በገዛ እጃቸው አንድ ጆግ ይጨምሩለት ጀመር፤ ውሃው ደረጃውን እንዳያቆሽሽ ብለውም የጣሳውን ቀዳዳዎች በላስቲክ አስደፈኑ። ዋሌም ሦስቱን መፈረሙን ቀጠለ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም ለካ። እንግዶቹ ሊገቡ አንድ ቀን ሲቀር ያ የጠገበ ሆድ በስብሶ ተዘረገፈ።

ወዲያው አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጥፋተኛው እንደተለመደው አትክልተኛው መሆን ነበረበት። ዋሌ ፊቱ አመድ መስሎ ቅጹን አቀረበ። ሦስት ፊርማ በቀን፣ ስድስት ወር ሙሉ። ኮሚቴው አገላበጠ፣ አጉረመረመ፣ በመጨረሻም ወሰነ፤ ሦስቱ ጆግ ትክክል ነው፣ አበባውን የገደለው አራተኛው ነው። አራተኛውን ማን እንዳጠጣ ቃለ ጉባኤው አይናገርም። ከሦስት ጆግ በላይ ማጠጣትን የሚከለክል መመሪያ ለየመሥሪያ ቤቱ ተበተነ። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

የዋሌ ኮንትራትም ታደሰ። እንዲያውም ሦስቱን ጆግ በትክክል በመፈጸሙ የሌሎች መሥሪያ ቤቶችን አትክልተኞች እንዲያሠለጥን ተመደበ። ደብዳቤውን ሲቀበል ግራ ገብቶት አየኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ አንድ ቀንም ሦስት ጆግ አላጠጣሁም። ምን ብዬ ላስተምር?»

«መፈረም አስተምራቸው» አልኩት።