መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ገደል

ግባ፣ ቁጭ በል፤ የምትሰማው መጋዝ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም። ሊሙ ገነት ያለው የአባ ጊዲ ቡና እያለቀ ነው። ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ፤ እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ ዓይናቸውን እሸሻለሁ። ለምን እንደምሸሽ ልንገርህ።

ሰው ውል ሲፈርም ያየውን የፈረመ ይመስለዋል። የዛሬ ዘመን ውል ግን ብቻውን አይመጣም፤ ሳይታይ የሚከተለው ዘመድ አለው።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የጅማ፣ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጅ ነኝ፤ እንጀራዬ ገበሬና ገዢ ማገናኘት ነው። አምና የአንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሰዎችን ይዤ እዚህ ግቢ ገባሁ። አባ ጊዲ ቡናቸውን ለአምስት ዓመት ለእነሱ ብቻ ሊሸጡ፣ እነሱም እንክብካቤውን ሊያግዙ። ውሉን ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ ያነበብኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ «የድርጅቱ የእርሻ መመሪያ የዚህ ውል አካል ነው» ይላል። መዝለሉንማ አልዘለልኩትም። ግን መመሪያውን ያየ የለም፣ እኔም ጭምር። «የታለ?» ብል ሰዎቹ ተነስተው ይሄዳሉ ብዬ ፈራሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ዱዓ ከተጀመረ አሚን ይባላል እንጂ ጥያቄ አይነሳም። ተነበበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ አሚን አልን፣ አውራ ጣት ታተመ።

መመሪያው ዘንድሮ ብቅ አለ። ያረጀ የቡና ዛፍ በድርጅቱ ሰዎች ይቆረጣል ይላል። የአባ ጊዲን ቡና የተከሉት አባታቸው ናቸው፤ ከዚህ በላይ እርጅና ከየት ይመጣል? ሳሩን አይቶ ገደሉን ባላየው በሬ ስንስቅ ኖረናል። የበሬው ገደል እኮ ቢያንስ ከሳሩ አጠገብ ነበር። የእኛው ገደል አዲስ አበባ፣ የድርጅቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ጅማ ወርደን አንድ የሕግ ሰው ጠየቅን። «ያላሳዩት መመሪያ ላያስራችሁ ይችላል፤ ተከራከሩ» አለን። ደስ አለን። ከሰስን። ቀጠሮው ግን ለሁለት ወር ተሰጠ።

መጋዝ ቀጠሮ አያውቅም።

አሁን አባ ጊዲ በእጃቸው ጠሩኝ። «ኮቱ፣ ና ወዲህ፤ ምን ያሸሽሃል?»

ቀረብኩ። «አባ፣ ወላሂ መመሪያውን እኔም አላየሁትም።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከሚወድቀው ዛፍ ሳይነቅሉ። «ግን እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ንባብህ ፈጠነ። ሰምቼህ ነበር፣ ልጄ። በእንግዶቹ ፊት እንዳላሳፍርህ ብዬ ነው አሚን ያልኩት።»