የሃያዎቹ ቆርኪዎች ክብር

ንብረት ማክበር የሥልጣኔ መጀመሪያ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ የአንድ መዋዕለ ሕፃናት ሃያ ቆርኪዎች የደረሱበትን ማዕረግ ይስማ።

መምህርቷ ቆርኪዎቹን ከየመንገዱ ለቅማ፣ አጥባ፣ በየማለዳው አሥር ደቂቃ ታጫውትባቸው ነበር። አምስቱን ትዘረጋለች፤ ጥቂቱን በጣሳ ከድና ስንት እንደተደበቀ ትጠይቃለች። ሕፃናቱ እየሳቁ ይቆጥራሉ። ይህን የመሰለ ሥርዓት አልበኝነት ሁለት ወር ሙሉ ሃይ ባይ አላገኘም።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አዩት። እጅግ ወደዱት፤ ከመውደዳቸው የተነሣ በዚያው ሳምንት በቋሚ ንብረትነት አስመዘገቡት። ቆርኪዎቹ ማኅተም ተመትቶባቸው ግምጃ ቤት ገቡ። ለማውጣት የሦስት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል፤ ሦስተኛው ፈራሚ ደግሞ ከስብሰባ ወጥተው አያውቁም።

መምህርቷ ደጅ ጠናች። በወሩ መጨረሻ ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሕፃናቱን ይፈትናሉ፤ መቁጠር ያልቻለ ክፍል ይታጠፋል፤ እሷም አብራ ትሰናበታለች።

“ቆርኪ እኮ ነው፤ ከጠፋ ለቅሜ እተካለሁ” አለች።

“ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ” አሏት ርዕሰ መምህሩ። “ዛሬ ‘ቆርኪ እኮ ነው’ ያለ፣ ነገ ‘ወንበር እኮ ነው’ ይላል።”

በደንቡ መሠረት የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ንብረቱን በየማለዳው ቆጥረው መፈረም ነበረባቸው። ቅን ሽማግሌ ናቸው፤ ግን መሐል ላይ ሰላም ካሏቸው ቁጥሩ ይጠፋባቸዋል። ጨዋታ የተነፈጉት ሕፃናት የግምጃ ቤቱ መስኮት ላይ ተኮለኮሉ።

“ጋሼ፣ ስምንትን ዘለሉት” አለች አንዷ።

ሽማግሌው እንደገና ጀመሩ። በሳምንቱ ሕፃናቱ አብረዋቸው ይቆጥሩ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ራሳቸው ሁለት ሦስት ቆርኪ በባርኔጣቸው እየከደኑ ስንት እንደጎደለ መጠየቅ ጀመሩ። መምህርቷ ይህን ስታይ እንባዋ መጣ። ለማንም ሳትናገር፣ ክፍሉን እጅ ለማስታጠብ በዚያ በኩል ትወስደው ጀመር።

ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። ሕፃናቱ እስከ ሃያ ቆጠሩ፤ ከሃያው ሦስት ቢደበቅ የሚቀረውንም ሳይሳሳቱ ተናገሩ። የቡድኑ መሪ ተገርመው ምስጢሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። መምህርቷ አፏን ከመክፈቷ ርዕሰ መምህሩ ቀደሟት።

“ቆርኪዎቹን ቆልፈንባቸው ነው” አሉ።

ክፍሉ ተረፈ፤ ርዕሰ መምህሩም ተሸለሙ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ በሥራ ሰዓት ከሕፃናት ጋር ሲጫወቱ በመገኘታቸው ማስጠንቀቂያ ተጻፈባቸው፤ መስኮታቸውም በጣውላ ተመታ። ብዙም ሳይቆይ ለመዋዕለ ሕፃናት ሁሉ ሰርኩላር ተበተነ፦ የቁጥር መጫወቻ ያለው በአስቸኳይ እንዲቆልፍ፣ የሌለውም ገዝቶ እንዲቆልፍ።