እሜቴ የት እና አምስተኛዋ ኢንዛይም

«እሜቴ የት ሁለት ጊዜ ከጠየቁሽ አለቀልሽ» ይባላል በሕክምና ትምህርት ቤቱ ኮሪደር፤ «እሜቴ የት» ተማሪዎቹ ለፕሮፌሰሯ ያወጡላቸው ቅጽል ስም ነው። በቃል ፈተና ላይ መልስሽን ሰምተው ዝም ካሉ ልክ ነሽ፤ ደግመው «የት?» ካሉ ግን ተሳስተሻልና ቶሎ ብለሽ መልስሽን ቀይሪ። ወሬው ከተማሪ ወደ ተማሪ እንደ ጉንፋን ሲተላለፍ ኖሯል።

«ቆይ፣ አንቺስ ቀይረሽ አልነበር?» አለች ተፈታኟ፣ በር ላይ ተራዋን እየጠበቀች።

«ቀይሬያለሁ» አለች ጓደኛዋ።

«ታዲያ ለምን ወደቅሽ?»

«ዘግይቼ ነዋ! ምን ታደርቂኛለሽ፤ ብቻ አንቺ ፈጠን በዪ!»

ነገሩ ለተፈታኟ አልተዋጠላትም። ግን ፈተናው ድጋሚ ነው፤ ዛሬ ከወደቀች ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች። እናቷ ደግሞ ሰፈሩን በሙሉ «ዶክተሬ» እያሉ አደንቁረውታል። ወገቡን ላመመው ጎረቤት ሁሉ ከወዲሁ ቀጠሮ ይሰጣሉ።

እንደ እሜቴ የት ያለ መምህር የሌለበት ትምህርት ቤት በምድር ላይ የለም፤ ካለም ትምህርት ቤት አይደለም። ክብርት እሜቴ ነገሩ ምን እንደሆነ ግድ የላቸውም፤ ቦታውን ብቻ ንገሯቸው። ጸሐፊያቸው «ቁልፉ መሳቢያ ውስጥ ነው» ካለች በኋላ እስኪደክማት ድረስ ከመቀሱ በስተግራ መሆኑን ታስረዳለች። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ «ጥራት በሁሉም ቦታ ሰፍኗል» ቢሉ፣ እሜቴ «የት?» አሉና ስብሰባው በዚያው ተበተነ። ባለቤታቸውም በእጮኝነታቸው ዘመን «ልቤ ውስጥ ነሽ» ብለው፣ «የት? ከቀኝ ነው ከግራ?» ተብለዋል አሉ። ያም ሆኖ መጋባታቸው የሰውየውን ትዕግሥት ያሳያል።

በሩ ተከፈተ። «ግቢ፣ ልጄ።»

ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ የምትንገዳገድ ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ አለ። እሜቴ ጠመኔ አቀበሏት።

«የጉበት ሕዋስ ሳዪልኝ። ከዚያ መርዛማውን አሞኒያ ዩሪያ አድርገው የሚያስወጡልንን አምስቱን ኢንዛይሞች በየቦታቸው አስቀምጪ።»

ሳለች። በትልቁ ክብ ውስጥ ትንሽ ሞላላ፤ ሚቶኮንድሪያ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኢንዛይሞች በሞላላው ውስጥ ነጥብ አደረገቻቸው። የቀሩትን ሦስቱን ከሞላላው ውጭ፣ ሕዋሱን በሞላው ፈሳሽ ማለትም በሳይቶሶል ውስጥ በተነቻቸው። እሜቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አጠለቁ። ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አያስጨንቅም።

«የመጨረሻዋ፣ አርጊኔዝ፣ የት ናት?»

«ሳይቶሶል ውስጥ፣ ፕሮፌሰር።»

ዝም ቢሉላት! ምነው ዝም ቢሉላት!

«የት?»

በበሩ መስታወት ጓደኛዋ በሁለት እጇ «ቀይሪ! ቀይሪ!» እያለች ትወራጫለች። ተፈታኟ ዳስተሩን አነሳች፤ እጇ ወደ ነጥቧ ሄደ። እናቷ ቀጠሮ የሰጧቸው ወገባሞች ሁሉ በዓይኗ ላይ ተሰለፉ።

ዳስተሩ ነጥቧን ሊነካ ሲል አሰበች። አርጊኔዝ ስትሠራ ዩሪያ ይወጣል፣ ኦርኒቲን ይቀራል። ኦርኒቲን ደግሞ ዑደቱን እንደገና ለመጀመር ወደ ሚቶኮንድሪያ ይገባል። አርጊኔዝ ራሷ ሚቶኮንድሪያው ውስጥ ብትሆን፣ ኦርኒቲን ከየት መጥቶ ነው የሚገባው?

ዳስተሩን አስቀመጠች። ወደ እሜቴም ዞረች።

«ሳይቶሶል ውስጥ። ቢፈልጉ ይጣሉኝ፣ ግን አርጊኔዝን ከቦታዋ አላነሳትም።»

እሜቴ ብዕራቸውን አነሱና ጻፉ። «አልፈሻል።»

ተፈታኟ ወንበሯ ላይ ወደቀች፤ ወንበሯም ተንገዳገደች።

«ፕሮፌሰር፣ ይቅርታ... ደግመው የሚጠይቁት ስንሳሳት ነው ይባላል እኮ። ሁሉም መልሱን የሚቀይረው ለዚያ ነው።»

እሜቴ የት ከልባቸው ተገረሙ። ስንቱን ያንቀጠቀጠ ፊታቸው የምትወደውን ተረት እንደጨረሱባት ሕፃን ሆነ። ተፈታኟም ለመጀመሪያ ጊዜ እኚህን ሴትዮ እቅፍ ማድረግ አማራት።

«እኔኮ ልክ መልሰው ሲያበቁ ለምን እንደሚያጠፉት ግራ ገብቶኝ ነው የኖርኩት!» አሉ። «ውሸት ነው፣ ልጄ። ስህተት ደግሜ ሰምቼ ምን ይሠራልኛል? የምደግመው ልክ ሲሆን ብቻ ነው፤ ስለሚጥመኝ።»